ነዋሪ ብዛት፦ ሁለት

ይህን የምጽፍላችሁ ከአክስቴ ከየትናየት አፍ እንደሰማሁት ነው። አክስቴ ወሬ የምታሳምር ሴት አይደለችም። የነገረችኝም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደግሜ እንዳልጠይቃት አስምላኝ።

በእውነት የደረሰ ነገር ነው። ቦታው ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው አሰንዳቦ ናት። ዘመኑ 1967፣ ደርግ በገባ በመጀመሪያው ዓመት።

ሰዓቱ ግን እንደምትገምቱት እኩለ ሌሊት አልነበረም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር... ፀሐይ ወጥታ፣ ቡና የጫኑ መኪናዎች እያጓሩ።

የትናየት ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሆሳዕና መጥታ መንገድ ዳር ልብስ ትሰፋለች። ጎረቤቶቿ ጋሽ ዳምጤና እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ጋሽ ዳምጤ ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ናቸው። እንግዳ ሆና ስትመጣ አልጋና ሥራ ያገኙላት እነሱ ናቸው፤ እንደ ወላጅ ታያቸዋለች።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ጸሎት ቤታቸው ባልና ሚስቱን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ኬንያ ላካቸው። ስደተኞች የሰፈሩበት በረሃ ነው። እሳቸው ቁስል ሊያጥቡ፣ እትዬ ሴቶቹን ወንጌል ሊያስተምሩ።

እትዬ ቁልፉን እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«ሌላ ቁልፍ የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱን ክፈቺልን፣ እንዳይታፈን።»

«አይስጉ እትዬ። እንደተዋችሁት ታገኙታላችሁ።»

ስድስት ወር ምንም አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ከፍታ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ተደፍቷል። አነሳችው...

እርጥብ ነው።

ቤቱን ዞረች። መስኮቱ ከውስጥ እንደተዘጋ ነው። የተሰበረ የለም፣ የጠፋ የለም። አልጋው ተነጥፏል። እጇን አልጋ ልብሱ ላይ አሳረፈች።

ይሞቃል።

ቆልፋ ወጣች። ሌባ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ግን ምን ዓይነት ሌባ ነው ብርጭቆ አጥቦ የሚሄድ?

በሳምንቱ ማዶ ያለችው ለጢፋ ጨርቅ ልታሰፋ መጣች። ለጢፋ እዚያው ተወልዳ ያደገች ነጋዴ ናት።

«ማሎ፣ ምነው የትናየት፣ ሰዎችሽ መመለሳቸውን አትነግሪኝም?»

«የትኞቹ ሰዎቼ?»

«ጋሼና እትዬ ናቸዋ። ጠዋት በራቸው ላይ ቆመው አይቼ አሰላሙ አለይኩም አልኳቸው። ዝም አሉኝ። ወላሂ፣ እንደማያውቁኝ ነው ያዩኝ።»

የትናየት መርፌው ጣቷን ወጋት።

«ተሳስተሽ ነው ለጢፋ።»

«አርባ ዓመት የማውቀውን ሰው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ የትናየት አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ትሰፋለች፣ ትነሳለች፣ የእነ እትዬን በር ታያለች፣ ትመለሳለች። የሰፋችውን መልሳ ትፈታለች።

በሰኔ ደብዳቤ መጣ። የእትዬ ጥሩወርቅ ጽሑፍ ነው። ደኅና ናቸው። ሙቀቱ ከብዷቸዋል። ሥራው ተባርኳል። ከታች ግን እንዲህ ይላል፦

«ልጄ፣ አትሳቂብኝ። መጀመሪያ ሌት ከቀን ቤታችን ነበር የሚታየን። ከሚያዝያ ወዲህ ግን እኔም ጋሽሽም ማስታወስ አቃተን። በሩ በየት በኩል ነበር? ግድግዳው ምን ዓይነት ቀለም ነው? ጻፊልኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው።

መልስ ልትጽፍ ተቀመጠች። «በሩ ወደ መንገዱ ነው» ብላ ጀመረች... ቀና ብላ በመስኮት ስታይ የእነ እትዬ በር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል።

ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።

ደብዳቤውን አልጨረሰችውም። ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ተወች።

ነሐሴ ገባ። የቤት አዋጁ ወጥቶ ቀበሌው ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። ሰው የማይኖርበት ቤት ይወሰዳል ተባለ። የትናየት መዝጋቢው ዘርሁን መዝገቡን ታቅፎ ከእነ ጋሽ ዳምጤ ግቢ ሲወጣ አየችው። ሮጣ ደረሰች።

«ዘርሁን፣ እንዳትወስዱት። ይመለሳሉ፣ ሁለት ወር ነው የቀራቸው...»

«እነማን?»

«ባለቤቶቹ።»

ዘርሁን ግራ ገብቶት አያት።

«አሁን አነጋግሬያቸው ነው የወጣሁት እኮ። ጋሽ ዳምጤ ፈርመዋል።»

መዝገቡን ከፈተላት። «ነዋሪ ብዛት፦ ሁለት» ይላል። ከጎኑ የጋሽ ዳምጤ ፊርማ። በደንብ ታውቀዋለች። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«እትዬስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ነበሩ። ግን...» ዘርሁን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የቆሙት። እስክወጣ አልዞሩም። አሟቸዋል እንዴ?»

የትናየት አፏን ከፈተች። «እነሱ አይደሉም፣ እነሱ ኬንያ ናቸው» ብትል ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነው። ይወሰዳል። አደራዋ ነው።

«አዎ» አለች። «ትንሽ አሟቸዋል።»

አክስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ፣ «ቤቱን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» አለችኝ።

ከመስከረም ጀምሮ ሁለቱ ቀበሌ ስብሰባ ይመጡ ጀመር። ከኋላ ይቀመጣሉ። ሰው እጁን ሲያወጣ ያወጣሉ፣ ሲያወርድ ያወርዳሉ። የትናየት አንድ ጊዜ ብቻ ዞራ አየቻቸው። ጋሽ ዳምጤ ናቸው። የለበሱትም ሲሄዱ ለብሰውት የሄዱትን ኮት ነው።

እሷን አላዩዋትም።

ኅዳር 1968፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከአውቶቡስ ሁለት ሽማግሌዎች ወረዱ። ከስተዋል፣ በፀሐይ ጠቁረዋል። እትዬ ጥሩወርቅ አቅፈው ሳሟት። እንባቸው ይሞቃል። የትናየት እነዚህ እውነተኞቹ መሆናቸውን በዚያ አወቀች።

መንገዱን እሷ መራቻቸው። የትኛው በር እንደሆነ አያውቁትም ነበር።

ጋሽ ዳምጤ ቁልፉን ተቀብለው ወደ በሩ ተጠጉ። ገና ሳይነኩት...

ከውስጥ መቀርቀሪያው ተወረወረ።

ጋሽ ዳምጤ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ማነው ያለው?»

የትናየት ዓይኗን ከበሩ ሳታነሳ መለሰች።

«እናንተ ናችሁ ጋሼ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ብርጭቆውን፣ መዝገቡን፣ «አዎ» ማለቷን። አልተቆጧትም። ጋሽ ዳምጤ ረጅም ሰዓት በሩን አዩ።

«ቀበሌ ሄደን አቤት እንበል» አሉ።

«ማን ነን ብለን?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ቀስ ብለው።

ከውስጥ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። በሩን ተጠግቶ... እያዳመጣቸው።

በዚያው ቀን ሻንጣቸውን ይዘው ጅማ ወረዱ። እዚያው ከጅማ መርካቶ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራዩ። የትናየትም የስፌት መኪናዋን አስጭና ተከተለቻቸው፤ እስኪሞቱ ጦረቻቸው። ጋሽ ዳምጤ በ1971፣ እትዬ በዓመቱ። ስለ ቤቱ አንድም ቀን አላነሱም። ሁለቱንም በእጇ ገንዛ ቀበረቻቸው።

በ1977 የትናየት ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አውቶቡሱ አሰንዳቦ ላይ ቆመ። ጠዋት ነው። ላለማየት ዓይኗን ጨፍና ነበር... አልቻለችም።

ቤቱ ቀለም ተቀብቷል። ግቢው ተጠርጓል። ከበሩ እስከ አጥሩ በተዘረጋው ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል።

የሽማግሌ ሸሚዝ።

የአሮጊት ቀሚስ።

ከዚያ ቀጥሎ፣ በረድፍ... ሦስት የአራስ ልጅ መጠቅለያ ጨርቅ። አሁን ከውሃ የወጡ ናቸው፤ ገና ያንጠባጥባሉ።