የመስታወት ቆራጩ እጅ

«አትተንፍሺ» አላት።

ጩጬ የመስታወቱን ጫፍ በሁለት እጇ እንደያዘች ትንፋሿን ዋጠች። የእህቷ ባል ማስመሪያውን አስተካክሎ መቁረጫውን ወደ ራሱ ሳበው። ጥርስ የሚያንገጫግጭ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በአውራ ጣቶቹ ከሥር ገፋ ሲያደርገው፣ መስታወቱ በተሰመረለት መስመር ላይ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

«አየሽ» አለ። «ይኼ ሥራ ለቁጡ ሰው አይሆንም።»

ፈገግ አለ። እሷም ፈገግ አለች። ሰሞኑን እሱ ፈገግ ሲል አብራ ፈገግ ማለት ለምዳለች።

መስታወት የሚቆርጥበት ክፍል የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ከኋላው ሳሎኑ አለ፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ጓዳው፣ ጓዳው ውስጥ ደግሞ የጩጬ አልጋ። ትምህርት ቤቷ ለዚህ ቤት ስለሚቀርብ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የምትኖረው ታላቅ እህቷ ጋ ነው። እህቷ ግን ባለፈው እሑድ ከንፈሯ አብጦ አባታቸው ቤት ከሄደች ወዲህ አልተመለሰችም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አባታቸውና አክስታቸው ሊያስታርቁ ይመጣሉ።

«ጩጬ» አለ ጓንቱን እያወለቀ። «ሲመጡ አንቺን ነው የሚጠይቁት። ያን ቀን እዚህ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ዋሺልኝ አላልኩሽም። ምን ብላ እንደሰደበችኝ ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በቃ፣ እሱን ንገሪያቸው። ከእውነት ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። እጁ አልከበደም።

የሚያስፈራው ነገር እውነት መሆኑ ነበር። እህቷ ምላሷ ስለት ነው፤ የዚያን ቀንም ማንም ቢሰማው የሚያመውን ቃል ነው የተናገረችው። የወንበር ጓደኛዋ ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀቻት «ምን አድርጋው ነው?» ብላ ነው። ጩጬ ስትነግራት «ኧረ ባክሽ! እሷም አበዛችው» አለቻት። ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ዳቦ እያቀበላት «ምን ብላው ነው ግን? እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው» ብሏታል። ሁሉም የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ ጩጬም እሑድን ስታስታውስ እዚያው ቃል ላይ ትቆማለች። ከቃሉ በኋላ ያለውን ማሰብ አትወድም።

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ባለፈው ሳምንት የመስኮት መስታወት ያሠሩት ሰውዬ በወረቀት የተጠቀለለውን ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት።

«ይኼን ምን ትለዋለህ? አጭር ነው። አንድ ጣት ሙሉ አጭር። ዓይንህን ምን ጋርዶት ነው?»

ልኩን የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ጩጬ አጠገባቸው ቆማ ሰምታለች።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ የእህቷ ባል። «አሁኑኑ ሌላ እቆርጥልዎታለሁ።»

«ድሮስ ሌባ ምን ሊል ነው? አጭበርባሪ። ሚስትህ ጥላህ ሄደች ሲሉኝ ምን አጥፍታ ይሆን ብዬ ነበር። ልክ ናት ለካ። ማን ይችልሃል?»

ጩጬ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ጀርባዋ ግድግዳውን ነካ። ዓይኗን ከእህቷ ባል እጆች ላይ መንቀል አቃታት። አሁን፣ አለች በልቧ። አሁን ይነሳሉ።

እጆቹ አልተነሱም። «እውነትዎን ነው ጌታዬ» ብሎ ሳቀ፤ አዲስ መስታወት አወጣ፣ ለካ፣ ደግሞ ለካ። «ጩጬ፣ ያዢልኝ» አለ። ያዘች። እጁ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ ሄደ። ቀጭ። አንዲት ፍንጣሪ አልወጣችም። በጋዜጣ ጠቅልሎ እስከ መኪናው ተሸከመላቸው፤ በሩንም ዘጋላቸው።

«ደንበኛ አይደል፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አለ ሲመለስ። እያፏጨ የጠረጴዛውን ስብርባሪ መጥረግ ጀመረ።

ለአባቷ በስልክ የነገረውን ጩጬ ሰምታዋለች። «እጄ ከቁጥጥሬ ውጪ ሆነ» ነበር ያለው። አሁን እጁን አየችው። ብሩሹን ይዞ ቀስ እያለ፣ ትንንሿን ስባሪ ሁሉ እየለቀመ ይሄዳል። ከቁጥጥር የሚወጣ እጅ ያስፈራታል ብላ ታስብ ነበር። የሚታዘዝ እጅ የባሰ እንደሚያስፈራ አላወቀችም ነበር።

አባቷና አክስቷ አሥር ሰዓት ላይ ደረሱ። አባቷ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ከጎረቤት የተዋሰውን መኪና በር ላይ አቆመ። እህቷ ከኋላ ወንበር ላይ ሻንጣዋን አቅፋ ተቀምጣለች፣ ፊቷን በሻርፕ ሸፍናለች። አልወረደችም።

«ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ይቅርታ ጠይቃ ትገባለች» አለ አባቷ ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥ። ድምፁ ድካም ነበረበት። «እንዲያው ነገሩ እንዲያልቅ ነው የመጣነው።»

«እኔም አባባ ከዚህ ሌላ አልፈለግኩም» አለ የእህቷ ባል አንገቱን ደፍቶ።

አክስቷ የጩጬን ጉንጭ ዳሰሰቻት። «በይ የኔ ሆድ፣ ምን አለችው?»

ጩጬ ወደ እህቷ ባል አየች።

«አይዞሽ አትፍሪ» አላት እሱ ለስለስ ባለ ድምፅ። «የሰማሽውን ነው።»

«እናገራለሁ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። «ከዚያ በኋላ የሆነውንም እናገራለሁ።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለች አክስቷ። «ተናዶ መታት።»

«አታውቁም። ወዲያው አይደለም የመታት።» ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች። «መጀመሪያ ሄዶ የፊት ለፊቱን በር ቆለፈ። መጋረጃውን ሳበ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ሰዓቱን አውልቆ ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጠ። እትዬ ቆማ ታየው ነበር። ከዚያ ነው የመጣው።»

አባቷ ቀና አለ። ዓይኑ የእህቷ ባል አንጓ ላይ ወዳለው ሰዓት ሄደ።

«ጩጬ» አለ እሱ። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው። «ያለችኝን ንገሪያቸው እንጂ።»

«ወንድምህ ባያዝንልህ ኖሮ ለማኝ ነበርክ አለችው። ይኼው ነው። ዛሬ ደግሞ አንድ ደንበኛ ሌባ አለው፣ በእትዬም ሰደበው። እሱ ግን እየሳቀ እስከ መኪናው ሸኘው።»

አክስቷ «እንዲያው ይኼ ቃል ለወንድ ልጅ…» ብላ ጀመረችና አባቷን አይታ ተወችው። አባቷ አሁንም ሰዓቱን እያየ ነበር።

ጩጬ ተነስታ ጓዳ ገባች። ደብተሮቿንና ዩኒፎርሟን ቦርሳዋ ውስጥ ጎሰጎሰች። ስትወጣ የእህቷ ባል እግሩን ዘርግቶ መንገዱን ይዞታል። አላጠፈውም። ተሻግራው አለፈች።

«ወዴት?» አላት አባቷ።

«እትዬ ጋ።»

«ነገ ትምህርት የለም እንዴ?»

«አለ አባዬ። በጠዋት እነሳለሁ።»

እስከ መኪናው ያለው መንገድ ረዘመባት፤ ዞር ብላ ግን አላየችም። የኋላውን በር ከፍታ እህቷ አጠገብ ገባችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። እህቷ ሻርፑን ከአፏ ዝቅ አደረገች፤ ከንፈሯ ላይ የደረቀ ቁስል አለ።

«ምን አሉ? ልግባ?»

«ገና አልጨረሱም» አለች ጩጬ። «አባዬ ግቢ ቢልሽም ግን አትውረጂ። እኔም አልወርድም።»

እህቷ እጇን በጩጬ በኩል አሻግራ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ዞራም የራሷን ቆለፈች።