ካርዱ ላይ ያለውን ይቁረጡ

ወጣቱ ኮቱን ለብሶ ከመጋረጃው ጀርባ ሲወጣ፣ በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ቀና ብለው አዩት። ትከሻው ልክ ነው። ወገቡም ልክ ነው። እጅጌው ግን አንጓው ጋ ሳይደርስ ገና መንገድ ላይ ቀርቷል። ወጣቱ ምናልባት ይወርድ እንደሆነ ብሎ በሌላኛው እጁ ሳብ አደረገው።

«ፋሽኑ እንዲህ ነው እንዴ?» አለ መስታወቱን እያየ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን አላገዘውም። ከነገ ወዲያ ሰኞ ጠዋት በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሥራ ይጀምራል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰፋው ሙሉ ልብስ ነው።

የባለሱቋ ልጅ ግድግዳው ላይ ካለው ሰሌዳ አጠገብ ቆማ እጅጌውን ስታይ ልቧ ስንጥቅ አለ። ወጣቱን የለካችው እሷ ናት። ሜትሩ ለእጅጌው ያሳያት 65 ሳንቲ ሜትር ነበር። የልብሱ ካርድ ላይ የጻፈችው ግን 56 መሆኑ አሁን ገና ታወሳት።

ካርዱም ሰሌዳውም የእሷ ሐሳብ ናቸው። ከአራት ወር በፊት እናቷ የሁለት ደንበኞችን ሱሪ አቀያይራ ሰጥታ፣ አንደኛው በሩ ላይ ቆሞ ሲጮህባት ልጅቷ ከትምህርት ቤት እየገባች ነበር። የዚያን ቀን፣ «እማ፣ የዚህ ቤት ነገር ሁሉ ያለው አንቺ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። አንቺ ራስሽን ባመመሽ ቁጥር ሱቁም አብሮ ይታመማል» አለቻት። ዘጠነኛ ክፍል በንግድ ሥራ ትምህርት የተማረችውን አምጥታ ሥርዓት ዘረጋች። እያንዳንዱ ልብስ የራሱ ካርድ አለው። ካርዱ ከጨርቁ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የለካ፣ የቆረጠ፣ የሰፋና የተኮሰ ይፈርምበታል። የትኛው ልብስ የት እንደደረሰ ሰሌዳው ላይ ይታያል። ቅዳሜ ማታ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ ሁሉም አሥር ደቂቃ ተቀምጠው «ምን ተሳሳተ?» የሚለውን ደብተር ይሞላሉ። ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፦ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ እንዳይደገም ምን እናድርግ።

ቆራጩ መጀመሪያ ላይ ስቀውባት ነበር። «በስተርጅና ጨርቅ መታወቂያ ሲያወጣ አየሁ» አሉ። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ላይ ጎንበስ ብለው የኖሩ፣ የሰውን ቁመት በዓይናቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ጋሽ መቀስ ይሏቸዋል። እሷን ደግሞ እሳቸው «ማናጀሯ» የሚል ስም አወጡላት። ቢሆንም ከዚያ በኋላ አንድም ልብስ አልተቀያየረም፤ ጋሽ መቀስም እያጉረመረሙ መፈረም ለመዱ።

«ካርዱን እስቲ» አለች እናቷ።

ጋሽ መቀስ ኮቱን ከወጣቱ ላይ እየተቀበሉ ነበር። ካርዱ ገበሩ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ልጅቷ ጣቶቻቸው ቀስ ብለው ሲፈቱት፣ ካርዱም ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሲገባ አየች።

«ካርዱ ምን ያደርግልሻል? ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ዓይኔ ነው ጉድ የሠራኝ። ቁጥር አምታታሁ።»

እናቷ ለአፍታ አየቻቸው። ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እንግዲህ ቆረጣውን ለሌላ ሰው ብንሰጠው ይሻል ይሆን?»

«እሱን ኋላ እንነጋገራለን። አሁን የልጁን እጅጌ እናድርስ።»

ከጨርቁ የተረፈው ተቋጥሮ ተቀምጦ ነበር። በብብቱ በኩል ትንሽ ቢቀጠልበት ለሁለት አዲስ እጅጌ ይበቃል። ወጣቱን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲመለስ ነገሩት። ከስፌት መኪናው ጀርባ የተቀመጠችው ሰፊዋ አጭሩን እጅጌ መተርተር ጀመረች፤ ጋሽ መቀስም ጨርቁን ይዘው ወደ ጓዳ፣ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄዱ። ልጅቷ ተከተለቻቸው።

ማክሰኞ የሆነው አሁን አንድ በአንድ እየመጣባት ነው። ስልኳ ላይ ከጓደኛዋ ጋር እየተጻጻፈች እያለ ጋሽ መቀስ ካርዱን ይዘው መጡ። «ማናጀር፣ ይሄ ልጅ መለሎ አልነበረም እንዴ? እጅጌው አጠረብኝ» አሏት። እሷ ቀና እንኳን አላለችም። «ካርዱ ላይ ያለውን ይቁረጡ ጋሼ። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው» አለቻቸው።

«ጋሼ» አለች አሁን፣ «ያምታታሁት እኔ ነኝ። እርስዎማ ጠይቀውኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን በራስዎ ላይ ያሳብባሉ?»

ጠመኔያቸውን ጨርቁ ላይ አሳርፈው አንድ መስመር አወረዱ። «እናትሽ ድሮ ምሳዋን ቆማ ነበር የምትበላው» አሉ። «አሁን ቁጭ ብላ ትበላለች። ሰሌዳው ባመጣሽው ባንቺ እጅ ተሳሳተ ከተባለ እናትሽ መልሳ አታምነውም፤ ነቅላ ነው የምትጥለው። እኔ እንደሆን አርጅቻለሁ። በኔ ቢሳበብ ምን ይቀርብኛል?»

«ቆረጣው ይቀርብዎታል።»

ጠመኔውን አንስተው ሁለተኛውን መስመር ሊያሰምሩ ሲሉ እጃቸው መሃል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣቱ ተመልሶ ኮቱን ለበሰ። እጅጌው አንጓው ላይ ልክ አረፈ። ወጣቱ መስታወቱ ፊት ቆሞ ለማይታይ እንግዳ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ሰፊዋ አፏን ይዛ ሳቀች። እሱ አመስግኖ ሲወጣ እናቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና እስክሪብቶውን ወደ ጋሽ መቀስ አስጠጋች። «የኮቱን ነገር ይጻፉልን ጋሼ።»

ልጅቷ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ባለፈው ወር ሰፊዋ ኪስ ገልብጣ ስትሰፋ፣ «ይሄ እኮ ሰበብ እንጂ ምክንያት አይደለም፤ እንደገና ጻፊው» ብላ ሰው ሁሉ ፊት ችክ ያለችባት እሷ ናት። ሰፊዋ ያኔ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። አሁን «የቆራጩ ዓይን ደከመ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ቀጥሎ የሚጻፈው «ሌላ ቆራጭ ይፈለግ» ነው። የሚመጣው ቆራጭም 56 ከተጻፈለት 56 ይቆርጣል።

ጋሽ መቀስ እስክሪብቶውን አንስተዋል።

«እኔ ልጻፈው» አለች።

«አንቺ ምን አገባሽ?» አለች እናቷ።

ጋሽ መቀስ ልጅቷን አይተው በቀስታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተይው ማለታቸው ነው። እሷ ግን እጇን እንደዘረጋች ቆየች። በመጨረሻ እስክሪብቶውን ለቀቁላት። መሃለኛው ዓምድ ላይ ጻፈች፦ «ለኪዋ 65ን 56 ብላ ጻፈች። ቆራጩ ተጠራጥረው ጠየቋት። ለኪዋ ግን ካርዱን ሳታይ ‹ይቁረጡ› አለች።»

እናቷ ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ አነበበችው። ደግማም አነበበችው። ከዚያ ጋሽ መቀስን አየቻቸው፤ እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀምረው ነበር።

ልጅቷ ደብተሩን መልሳ ወሰደችው። ሦስተኛው ዓምድ ገና ባዶ ነው። «ይሄኛውን ብቻዬን አልችለውም» አለች፤ ወንበሯን ወደ ጋሽ መቀስ አዞረች። «ቆራጭ ካርዱን ሲጠራጠር ምን ቢደረግ ይሻላል?»

ጋሽ መቀስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና እናቷን ተመለከቱ። እናቷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«እሺ» አሉ ጋሽ መቀስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጻፊ እንግዲህ።»