ቀይ ጥፍር በዳቦ ሰልፍ

«ካት!» ጮኸ ዳይሬክተሩ። ቀረጻው ሲቋረጥ ይሄ ስምንተኛው ነው። ከዳቦ ሰልፈኞቹ መሃል የቆመችው ቀጮ ካሜራው ወዳለበት አንገቷን አሰገገች። አሁን ደግሞ ምን ተገኘ?

ፊልሙ ጦርነት ካለቀ በኋላ ስለነበረው ኑሮ ከተጻፈ ልቦለድ የተወሰደ ነው። ቀጮ መጽሐፉን ሁለቴ አንብባዋለች። ከዚያ ሁሉ ሰልፈኛ መሃል የምትናገረው ነገር የተሰጣት እሷ ብቻ ነች፤ «ለእናቴ ቦታ ያዙላት» ትላለች፣ በቃ። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ስትለማመድ ሰነበተች፣ እናቷ «ኧረ መጣሁ! ቦታዬን ልያዝና ዝም በይ!» እስክትል ድረስ።

ጓደኛዋ ቄንጤ ደግሞ በፊልሙ እህቷን ሆና እጇን ይዛ ቆማለች። ቆማለች ከተባለ! መጀመሪያ ካሜራውን አየች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ ማስቲካ አላመጠች።

«ይሄ ምንድነው?» ዳይሬክተሩ ስክሪኑ ላይ በሚታየው የቄንጤ እጅ አፈጠጠ። «ሰው ዳቦ አጥቶ በተሰለፈበት ቀይ ጥፍር? ጠዋት የሰልፈኞቹን እጅ ያየው ማነው?»

የተዋናዮቹ አልባሽ መርፌና ክሯን እንደያዘች ቀረበች። «እኔ ነኝ። የሁሉንም አይቻለሁ።»

«አይተው ነው እንዲህ የሆነው?»

«የኔንም አይተዋል» አለች ቄንጤ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ምንም አይደለም ብለውኛል።»

ወይ ጉድ! ጠዋት እጅ ሲታይ ቄንጤ ከተራው ሹልክ ብላ ጠፍታ ነበር። አልባሿ «እህትሽስ?» ስትል «ታይታለች» ያለችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ቀጮ ራሷ ነች።

«በቃ እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ» አለ ዳይሬክተሩ።

የአልባሿ ፊት ክስል አለ። መርፌዋን ክር ጥቅልሉ ላይ ሰክታ ቦርሳዋን ፍለጋ ዞረች።

ቀጮ አፏን ልትከፍት ስትል ቄንጤ ጆሮዋ ሥር ገባች። «እንዳትዘባርቂ! እህትማማች ሆነን ተቀርጸናል፤ እኔ ከወጣሁ አንቺም አብረሽ ነው። ንግግርሽ አያሳዝንሽም?»

«ያሳዝነኛል እንጂ! ምነው ጥፍርሽን ቤትሽ ትተሽው በመጣሽ!»

ቀጮ እጇን ከቄንጤ መንጭቃ ከሰልፉ ወጣች።

«ጋሼ፣ እሳቸው ጥፍሯን አላዩም። ታይታለች ብዬ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ።»

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያት። ቀጮ ከፊልሙ መውጣቷ እንደማይቀር ገብቷት የለበሰችውን የፊልሙን ቀሚስ ቁልፍ መፍታት ጀመረች። የአንገቷ ቁልፍ እምቢ ሲላት አልባሿ ቦርሳዋን አስቀምጣ መጣችና አገዘቻት።