ተርቦ የገባለት መኪና

«ሞተሩ ይችለዋል ወይ?»

አባቷ የጠየቀው ወንድሟን ነበር። እስከዳር ግን ራሷ የተጠየቀች መሰላት። በተከፈተው ኮፈን አጠገብ ቆማ የዘይቱን ክዳን በጨርቅ ይዛለች። ክዳኑ ገና ትኩስ ነው።

ሰራዊት ከሞተሩ ላይ ቀና አላለም። «ይችለዋል አባዬ። ፈትሼዋለሁ።»

«አንቺስ እስኩ? መካኒኳ ምን ትላለች?» አባቷ ካሣዬ እየሳቀ ነበር።

ወንድሟን አየችው። ዓይኑን አላነሳም።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች።

ላንድክሩዘሩ ከእስከዳር በዕድሜ ይበልጣል። አባቷ ከአሶሳ ኩርሙክ ሰውና ጭነት ሲያመላልስበት ኖሯል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው እሷ ሳትወለድ ስለቆመ ስንት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። አሁን አሁን ግን አዳዲስ መኪኖች መስመሩ ላይ ገብተው ዳገቱ ላይ አቧራ እያለበሱት ያልፋሉ። ተሳፋሪውም «ከካሣዬ ጋር ከሄድክ ስንቅ ያዝ» እያለ መቀለድ ጀምሯል። ካሣዬ አብሮ ይስቃል፤ ቤት ሲገባ ግን ራቱን ሳይጨርስ ይነሣል።

አዳማ አውቶሞቲቭ የሚማረው ሰራዊት ለእረፍት ሲመጣ በጆንያ የተጠቀለለ ተርቦ ይዞ መጣ፤ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ነው።

«የሚወጣው ጭስ ይሄን ያሽከረክረዋል፣ ይሄ ደግሞ አየር በግድ ወደ ሞተሩ ያስገባል» ሲል ለአባቱ አስረዳው። «እስከዛሬ ሞተሩ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነበር በለው።»

ካሣዬ ብረቱን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለው። ልጁ ተምሮ፣ ተመልሶ፣ የእሱን መኪና ሊያድንለት ነው። ያን ዕለት ለጎረቤት ሁሉ አወራ።

የክዳኑን ነገር እስከዳር ያየችው አባቷ መጥቶ ያን ጥያቄ ከመጠየቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሰራዊት ሞተሩን አስነሥቶ የዘይቱን ክዳን ከፈተና ገልብጦ አፉ ላይ አስቀመጠው። «ጤነኛ ሞተር ከሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል» አላት። «ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ ካለቀ ግን ትንፋሹ በፒስተኑ ዳርና ዳር እያመለጠ ክዳኑን ያስጨፍረዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ተርቦ መጫን ደግሞ . . .»

አልጨረሰውም። ክዳኑ እየተንቀጠቀጠ ዞረ፣ ዘለለ፣ ዘይት እየተፋ መሬት ወደቀ። እስከዳር ሳቀች፤ የሰራዊትን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

«ምን ማለት ነው?»

«ምንም።»

«አሁን እኮ ነገርከኝ! ፋሻው ካለቀ . . .»

«እስኩ፣ ላሽ በይው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሞተሩ መታደስ አለበት ካልኩት መኪናው ይቆማል፣ እሱም ይቆማል። እኔ ደግሞ ባዶዬን ልመለስ? ቀስ ብሎ ከነዳው ይሠራል። አንቺ ምንም አላየሽም። እሺ?»

እሺ አላለችም። ክዳኑን ከመሬት አንሥታ በጨርቅ ጠረገችው። ያኔ ነው አባቷ በበሩ የገባው።

ተርቦው ተገጠመ። በመጀመሪያው ጉዞ ካሣዬ ከኩርሙክ የተመለሰው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር። ሞተሩ አዲስ ፉጨት አውጥቷል፤ የሰፈሩ ልጆች ከሩቅ እየሰሙ ይሮጣሉ። የረጅም ጊዜ ደንበኛው ዐወድ ከጋቢናው ወረደና አጭር ጢሙን እያሸ ኮፈኑን ዞረው። ዐወድ ኩርሙክ ሱቅ ያለው የበርታ ነጋዴ ነው፤ አማርኛ የለመደው ገበያ ላይ ነው።

«ያ ካሣዬ! ይሄ መኪና ዛሬ ምን ሆነ?»

«ተርቦ ነው» አለ ካሣዬ ደረቱን ነፍቶ።

«ተርቦ? ወላሂ እኔም ተርቦ! ታዲያ ለሱ ብቻ ነው የምታበላ?»

ሁሉም በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ መኪናው መናኸሪያው ውስጥ «የራበው» ተባለ። «የራበው ይወጣል! አንድ ሰው የቀረው!» ይላሉ ጠሪዎቹ። ካሣዬ ስሙን ወደደው። ማታ ማታ ራት ላይ ሰራዊትን «ዳገት ላይ ምን አድርግ ነበር ያልከኝ?» እያለ ይጠይቀዋል፤ ረስቶ አይደለም፣ ልጁ ሲያስረዳ መስማት ስለሚወድ ነው።

«ሲግል እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሣ። አትጨቁነው።»

«እሺ ጌታዬ።»

እስከዳር ሳህኗን እያየች ትበላለች። አንድ ቀን «አባዬ» ብላ ጀምራ ነበር። ሁለቱም ቀና አሉ። «ውኃ ላምጣልህ?» ብላ ተነሣች።

ላንድክሩዘሩ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው በሰንሰለት ነው። እስከዳር ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ በሩ ላይ ጥሎት ሲሄድ ደረሰች። ፉጨት የለም። ኮፈኑ ዘይት ለብሷል። ካሣዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አለ ማንም ሳይጠይቀው። «ሰሊጥ ጭኜ ዳገቱን ጀመርኩ። እነዚያ አዲሶቹ ከኋላዬ ጡሩንባ ይነፋሉ። አንድ ቀን እንኳ ሳይቀድሙኝ ልውጣ አልኩና እግሬን አላነሣሁም። ልጁ ነግሮኝ ነበር።»

እስከዳር ወንድሟ እንዲናገር ጠበቀች። ሰራዊት በረጅሙ አየር ሳበ፣ አፉን ከፈተ።

«ነግሬህ ነበር አባዬ» አለ።

በማግስቱ እረፍቱ ሳያልቅ በአውቶቡስ ወደ አዳማ ሄደ። ካሣዬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው፤ ሻንጣውንም ተሸከመለት።

ሞተሩ ሲፈታ ከፒስተኖቹ አንዱ ቀልጦና ተሰንጥቆ ተገኘ። ካሣዬ ለሚመጣው ሁሉ ያንኑ ይደግማል፦ ልጁ በደንብ ሠርቶት ነበር፣ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ እግሩና እጁ ከድተውታል። ዐወድ ሊጠይቀው መጥቶ «ሌላ ሰው መኪና ንዳ፣ እኔ እነግርልሃለሁ» ሲለው እንኳ ራሱን ነቀነቀ።

«የራሴን ያቃጠልኩ የሰው አደራ እይዛለሁ? በቃኝ ዐወድ።»

መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

እስከዳር ማጥናት አቃታት። ደብተሯን ስትከፍት የምታየው ክዳኑን ነው። ዝም ካለች አባቷ በገዛ እጁ ላይ እምነት አጥቶ ይቀራል። ከተናገረች ደግሞ በልጁ ላይ። ወይ እጁን ወይ ልጁን። ሦስተኛ መንገድ ፈለገች፤ አላገኘችም።

ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ወጣች። ካሣዬ የተፈታውን ሞተር በላስቲክ ይሸፍናል፤ ዝናቡ ሊገባ ነው። የዘይቱን ክዳን ከዕቃው መሐል ፈልጋ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ ይሄ ክዳን ይጨፍር ነበር።»

«ምን?»

«ተርቦው ከመገጠሙ በፊት። ሰራዊት ሲፈትሸው ጨፍሮ ወደቀ። ፋሻው አልቆ ነበር። ያውቅ ነበር።» ክዳኑን ወደ እሱ ዘረጋች። «እኔም አውቅ ነበር።»

ካሣዬ ክዳኑን ወሰደ። ብዙ ዘመን የነዳ ሰው ነው፤ ጭፈራው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«እና ሞተሩ ተርቦ አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ደክሞ ነበር።»

ክዳኑን ሞተሩ ላይ አኖረና ላስቲኩን ሳበበት። መንጃ ፈቃዱን ከሣጥን አላወጣም፤ በዚያ ቀንም፣ ከዚያ ወዲህም። የሰራዊትን ሥራ ግን ለሰው ማወደሱን ተወ። ስሙንም መጥራት ተወ።

እስከዳር ክፍሏ ገብታ ስልኳን ከፈተች። ብዙ ጻፈች፣ አጠፋች። የላከችው አጭር ነበር፦

«ለአባዬ ነገርኩት። አልተቆጣም። ደውልለት።»

ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ታዩ፤ አንብቦታል። «እየጻፈ ነው» አለ ስልኩ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ጽሑፉ ጠፋ። እንደገና «እየጻፈ ነው» አለ፤ እንደገና ጠፋ።

ዝናቡ ገባ። ላስቲኩ ላይ ውኃ ተጠራቀመ። ከመልእክቷ በታች ያለው ቦታ ግን እንዳለ ባዶውን ቀረ።