አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቀው ጆኒ

ጆኒ የመጀመሪያዋን ቶርቲያ፣ የሜክሲኮዋን ስስ የበቆሎ ቂጣ፣ ከመጥበሻው አንስቶ ትኩሷን ለሆሣዕና ዘረጋላት።

«ቅመሺ!»

«አይ፣ ይቅርብኝ... ጠግቤያለሁ» አለች፣ «በሞቴ» እስኪላት እየጠበቀች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«ኦኬ» አለና ራሱ በላት!

ሆሣዕና ክው አለች። ምን ዓይነት ጉድ ነው? ቶሮንቶ ተወልዶ ላደገ ልጅ ግን አይ ማለት አይ ነው። ጆኒ የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ ነው፤ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ይሠራል። ሐኪም ስንዴ ስለከለከላቸው ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ቤታቸው ድረስ ጠርተው አስተምረን ያሉት አክስቷ እትዬ ጸሐይወርቅ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ለመደ። ሊጡን ስታድበለብል እጁን በእጇ ላይ ደርቦ «እንዲህ... ቀስ ብለሽ» ሲላት ልቧ ድው ድው ይላል። እትዬ ጸሐይወርቅ ሙያውን በሁለተኛው ቅዳሜ ጨርሰው ቢያውቁትም «ገና አልገባኝም» ይሉታል።

በአራተኛው ቅዳሜ ሊፍቱ ድረስ ሸኘችው።

«ሆሲ፣ ካልጋሪ ጆብ አግኝቻለሁ። ግን... እወድሻለሁ። አንቺም ከወደድሽኝ አልሄድም።»

ደስ አላት። ቶሎ እሺ ማለት ግን አሳፈራት። «ኧረ አይሆንም፣ ተው!» አለች አንገቷን ደፍታ፤ ደግሞ እስኪጠይቃት እየጠበቀች።

«ኦኬ» አለ ጆኒ። ሊፍቱ ተዘጋ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀረ። ሰኞ እንደሚበር ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስትሰማ ሆሣዕና አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አበጠ።

«አንቺ ልጅ፣ እሱ እኮ መለመን አያውቅም። ተነሺና ሂጂ!» አሏት አክስቷ።

ባዶ እጇን መሄድ ነውር ሆነባት። የቶርቲያውን ዱቄት ሁልጊዜ የሚያመጣው ጆኒ ስለነበር፣ ከጓዳ ያገኘችውን የበቆሎ ዱቄት አቡክታ ጋገረች፤ ፍርክስክስ አለባት። ያንኑ በፎይል ጠቅልላ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ስካርቦሮ ጆኒ ቤት ደረሰች።

ጆኒ በሩን ከፈተ። ሻንጣው ሳሎኑ መሐል ቆሟል። ፎይሉን ገልጦ አየና ሳቁ አመለጠው።

«ሆሲ፣ ይሄ የገንፎ ዱቄት ነው! የቶርቲያው በቆሎ መጀመሪያ በኖራ ውኃ ይቀቀላል።»

«እሱን ተወው!» አለችው። «ያን ቀን ለምን ደግመህ አልጠየቅኸኝም?»

«ኖ አልሽኝ እኮ! ኖ ያለን ሰው ፑሽ ማድረግ ጥሩ አይደለም።»

«እኔ ባደግኩበት አገር የመጀመሪያው አይ ለወጉ ነው! አሁን ግን እንዳትለምነኝ... እወድሃለሁ፣ ጆኒ። አትሂድብኝ!»

ጆኒ ስልኩን አወጣና እዚያው ፊቷ ካልጋሪ ደውሎ እንደማይመጣ ነገራቸው።

ሆሣዕና ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን ለቀቀችው።

«አሁን ደግሞ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለ ደንግጦ፣ ፊቷ ተንበርክኮ።

«ዝም በለኝ... ደስ ብሎኝ ነው!»