ከአዲሱ መስኮት ወዲያ የቆመው

ይህ የሆነ ነገር ነው። "ፈጠራ ነው" የምትሉ ማንበባችሁን እዚሁ ላይ አቁሙ። ከእናንተ ጋር የምከራከርበት ትዕግሥት የለኝም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ በነሐሴ ወር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ፣ ከቪናልሄቨን ደሴት በስተምሥራቅ፣ ድንጋዩ ከውኃው እኩል በሚተኛበት ባሕር ላይ ነበርን።

ባለ ሸራዋ ጀልባ የእኔና የባሌ የዊንስሎ ናት። መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ፊት ለፊቴ የሚታየኝ ግን ባሕር አይደለም። ሸራ ነው።

ዊንስሎ ማዕበሉ እንዳይረጨን ብሎ ከካቢኑ በር በላይ የሸራ ከለላ ገጥሟል። ደረቅ ሆነናል፣ አልክድም። ግን መሪ የያዘ ሰው ከፊቱ ያለውን ካላየ መድረቁ ምን ያደርግለታል? ስድስት ዓመት ጮህኩ። በጀልባ ክበባችን ጋዜጣ ላይ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። "ይለመዳል" ብለው የመለሱልኝን ሰዎች ስም አንድ በአንድ አስታውሳለሁ።

መጀመሪያ የምቆምበት ሳጥን ሠራልኝ። ሳጥኑ ላይ ስወጣ በከለላውና ከራሳችን በላይ በተዘረጋው የጣሪያ ሸራ መካከል ባለው ክፍተት ጭንቅላቴ ይወጣል፤ መሪው ግን ከእጄ ይርቃል። አጭር ነኝ። ቀጥሎ የከለላውን የፕላስቲክ መስኮቶች በወጥ ቤት የመስታወት ማጽጃ ፈትጎ ወተት አስመሰላቸው። ተጣላን። በመጨረሻ፣ ባለፈው ሳምንት፣ የመካከለኛው መስኮት በአዲስ ፕላስቲክ ተቀየረ።

ጥርት ያለ። የሌለ ነው የሚመስለው።

አሸነፍኩ ብዬ ነበር...

ጉሙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዋጠን።

ባሕሩ ላይ ሎብስተር ለሚባለው ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የተጣሉ ወጥመዶች ተንሳፋፊዎች እንደ ኩፍኝ ፈስሰዋል። የአንዱ ገመድ ከተጠመጠመብን ሞተሩ ይቆማል፤ ሞተሩ ከቆመ ሞገዱ ወስዶ ድንጋይ ላይ ይጥለናል።

"ፊት ሄጄ ልቁምልሽ" አለ ዊንስሎ።

"የአፍንጫዋን ድጋፍ ብረት ያዝ።"

"እሺ ዳኛዬ። ሌላ ውሳኔ አለ?"

"አለ። አትውደቅ።"

ቀኝ ጎናችንን የሚዘጋው የሸራ መጋረጃ ዚፕ በጨው ደርቆ አልከፈት አለው። ስለዚህ በካቢኑ ውስጥ አልፎ በፊተኛው የጣሪያ ክዳን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ወጣ። እኔ በሸራና በፕላስቲክ ተከብቤ ቀረሁ።

ሞተር እየሠራ መጮህ ዋጋ የለውም፤ በእጅ ነው የምንነጋገረው። ቀኝ እጁን ካነሣ ወደ ቀኝ እዞራለሁ። ግራውን ካነሣ ወደ ግራ። ሁለቱን ካጣመረ፣ ቁሚ ማለቱ ነው።

በአዲሱ መስኮት ቢጫ ጃኬቱ ታየኝ። ጀርባው ወደ እኔ ነው።

ቀኝ እጁን አነሣ። ዞርኩ። አንድ ተንሳፋፊ በግራችን አለፈ።

ግራ። ዞርኩ። ሌላው አለፈ።

ቀኝ። ዞርኩ... ተንሳፋፊ አላየሁም።

ቀኝ።

እንደገና ቀኝ...

ኮምፓሱን አየሁ። ወደ ሰሜን ነበር የምንሄደው። አሁን ምሥራቅ ይላል።

ኮፍያውን አጥልቋል። ዊንስሎ ደግሞ "ጆሮዬን ይደፍነዋል" ብሎ ኮፍያ አያጠልቅም።

ብረቱንም አልያዘም።

"ግትር ሽማግሌ!" ብዬ ለራሴ ተሳደብኩ። ከዚያ ልብ ብዬ አየሁት። ጀልባዋ እየተንገላታች ነው። እሱ ግን አይወዛወዝም።

"ኤልስፔት... የጉሙን ጥሩምባ የት ነው ያስቀመጥሽው?"

ድምፁ ከፊት አልመጣም። ከእግሬ ሥር ነው የመጣው። ከካቢኑ።

ባሌ በበሩ አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። ፀጉሩ ረጥቧል።

"ከ... ከመቼ ጀምሮ ነው ታች ያለኸው?"

"ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። 'መጣሁ' ብዬ ጮህኩልሽ እኮ። ለምንድነው የምትዞሪው?"

በጣቴ አሳየሁት።

አጠገቤ መጥቶ በመስኮቱ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ማነው?" አለ በሹክሹክታ።

"ያንተን ጃኬት ነው የለበሰው።"

"ጃኬቴን እኔ ለብሼዋለሁ።"

ሳጥኑ ላይ ወጣ። በክፍተቱ አንገቱን አውጥቶ ከከለላው በላይ ተመለከተ።

"ማንም የለም።"

"አለ! እያየሁት ነው!"

"ኤልስ... ባዶ ነው። ብረቱ ብቻ ነው ያለው።"

በዚህ ጊዜ ሰውዬው ሁለት እጆቹን አጣመረ።

ቁሚ።

"አዙሪ!" አለ ዊንስሎ። "ወደ ግራ፣ ወደ መጣንበት!"

የጥልቀት መለኪያው ስድስት ጫማ ይላል። ጀልባችን አምስት ጫማ ውኃ ትፈልጋለች።

ዕድሜዬን ሁሉ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም ስል ኖሬያለሁ። ይኼን ግን እያየሁት ነበር። ሞተሩን ወደ ኋላ አደረግኩት።

ጉሙ ትንሽ ሳሳ... በግራችን፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የባሕር አረም የለበሰ ጥቁር ድንጋይ ከውኃው ወጣ።

"አምላኬ" አለ ዊንስሎ ከላይ።

ማዕበሉ በቀኝ ይሰበራል። በግራ ይሰበራል። ከኋላም ሰማሁት። በድንጋዮች መካከል ገብተናል፣ በየት እንደገባን አናውቅም። የባሕሩ ውኃ ደግሞ እንደየዕለቱ ልማዱ እየሸሸ፣ እየወረደ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀልባዋ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ ማዕበሉ ይፈረካክሳታል፣ በዚያ ቅዝቃዜ ደግሞ ዋኝቶ የሚተርፍ የለም።

"እሱ ነው ያስገባን" አልኩ።

"አሁንስ ምን ይላል?"

"ግራ እጁን አነሣ።"

"አትስሚው!"

"መውጫው ላንተ ይታይሃል?"

ዝም።

"ይታይሃል ወይ፣ ዊንስሎ?"

"...አይታየኝም።"

ወደ ግራ ዞርኩ።

ስድስት ጫማ። ስድስት። አምስት ተኩል... ከሥራችን አንድ ነገር ፋቀን። ዊንስሎ ትከሻዬን ጨመቀኝ። ቀኝ እጅ ተነሣ፤ ዞርኩ። ሰባት። አሥራ አራት። ሠላሳ።

ስልሳ።

ወጣን።

"ጠባቂ መልአክ ነው" የምትሉ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ጠባቂ ከሆነ መጀመሪያ ለምን አስገባን? ለዚህ መልስ ሳትይዙ እንዳትጽፉልኝ። "የፕላስቲኩ ነጸብራቅ ነው" የምትሉትም አፋችሁን ያዙ። ነጸብራቅ እኔ እጄን ሳላነሣ እጁን አያነሣም!

ነጸብራቅ አይራመድም።

እሱ ግን ተራመደ።

ዞረ። አንገቱን ደፍቷል፣ ፊቱን አላየሁም። ወደ እኛ መጣ... በቀስታ። ምሰሶውን አለፈ። ቢጫው ጃኬት መስኮቱን ሞላው። ከዚያ በቀኝ በኩል ከመስኮቱ ጠርዝ ወጣ።

የቀኙ መስኮት አሮጌው ነው። በእሱ ምንም አይታይም።

"የት ደረሰ?" አለ ዊንስሎ።

"አላውቅም... ከመስኮቱ ወጣብኝ።"

"እኔ ምንም አላይም።"

"ዝም በል።"

መሄጃ አልነበረንም። ከላይ ሸራ፣ በጎን ሸራ። እጄን ከመሪው ላይ ማንሣት አልቻልኩም።

በጨው የደረቀው ዚፕ... አንድ ጥርስ ተላቀቀ።

ሌላ ጥርስ።

እስከ ላይ ድረስ ተከፈተ። ጉሙ ገባ። ሌላ የገባ አላየንም።

ግን ጀልባዋ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ትንሽ ብቻ። ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደምታዘነብለው።

ወደቡ እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሁለታችንም በግራ በኩል ተጣብቀን ነበር።

ጀልባዋ አሁን ከቤታችን ፊት ለፊት ታስራለች። ዊንስሎ ክብደት ይሆናል ብሎ የውኃ ታንኩን አፈሰሰ፣ መልህቁን ፈትቶ ወሰደ፣ ዕቃውን ሁሉ አወጣ። ባዶዋን ናት። ሆኖም ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ወደ ቀኝ አራት ጣት ያህል ታዘነብላለች።

"ዕቃ አስተካክሉ እንጂ፣ ጀልባችሁ ሰክራለች!" ብሎ ሎብስተር አጥማጁ ጎረቤታችን ሳቀብን። ዊንስሎ አልሳቀም። እኔም አልተቆጣሁም፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባቸዋል።

ትናንት ጠዋት ጉም ሲገባ ከሳሎን ሆነን አየናት። ነፋስ አልነበረም። ውኃው እንደ ዘይት ተኝቷል።

ወደ ቀኝ ያዘነበለችው ጀልባ፣ ቀስ ብላ... ቀጥ አለች።

ከዚያ አፍንጫዋ፣ ያ ሰውዬ ቆሞበት የነበረው ጫፍ፣ ዝቅ አለ።