ያልተጠረገው ቅጠል

በዘንገማ መንግሥት፣ በክረምቱ አጋማሽ፣ እናት ዋርካ ቅጠሏን አራገፈች። ከከተማዋ በላይ የቆመውን ተራራ በሥሯ አቅፋ የያዘች እርሷ ናትና፣ ከወደቀች ተራራው በሕዝቡ ላይ እንደሚናድ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ንጉሥ አዝመር ሥሯን ቢያስቆፍር ጥቁር ምስጥ ቦርቡሮት ተገኘ።

ያን ምስጥ እየበላች ዛፏን የምትጠብቅ አንዲት ፍጥረት ነበረች፤ ጣት የምታህል፣ ገላዋ ለስላሳ፣ እግሯን አለ ከማለት የለም ማለት የሚቀል እንሽላሊት። ቤቷ የበሰበሰ ቅጠል ነው። የዘንገማ ሰዎች ግን ቅዱስ ስፍራ አይቆሽሽም ብለው ሠላሳ ዓመት በየማለዳው ጠረጉት፤ እንሽላሊቷም ቤት አጥታ ጠፋች። ቅንድብ እናሳምር ብለው ዓይን አጠፉ።

የጠራጊዎቹ አለቃ ዱርማ በዙፋኑ ፊት ተደፋ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ። ባልመልስ ስሜ ከትውልድ ይፋቅ» ብሎ ማለ። ቀስተኛዋ ልጁ ናርዲት ቢከለክላትም ተከተለችው።

እንሽላሊቶቹ የቀሩት በጨለቋ ገደል ብቻ ነበር። እዚያ ማንም አይጠርግም፤ ጎርሃም የሚሉት አውሬ አለና። አውሬው ዓይን የለውም፣ የሚያድነው በጆሮው ነው። ሰባት ቀን ተጉዘው በቀትር ደረሱ። ቅጠሉ ጉልበት ይውጣል፤ ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ እርጥብ። በደረታቸው ተኝተው አንድ በአንድ እየገለጡ አርባ እንሽላሊት በቅል ውስጥ፣ ከነብስባሹ አኖሩ። ሊነሱ ሲሉ በናርዲት ጉልበት ሥር አንድ ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

ወፎቹ ዝም አሉ። ከገደሉ ማዶ ዛፎች መሰበር ጀመሩ። ናርዲት ቀስቷን ብታነሳ አባቷ እጇን ያዘው።

«ያንቺ ቀስት ለእርሱ እሾህ ነው። ቅሉን ይዘሽ በእርጥቡ በኩል ውረጂ» አላት በሹክሹክታ።

«አባዬ፣ አብረን እንሩጥ።»

«አብረን ከሮጥን አገሩም አብሮን ይሞታል። ሂጂ ልጄ።»

ዱርማም ተነስቶ በደረቁ ቅጠል ላይ፣ እየረገጠና እየጮኸ፣ ወደ አውሬው ሮጠ። ናርዲት ቅሉን ታቅፋ ወረደች። ጩኸቱ ሲቋረጥ ሰማች፤ በዚያች ሰዓት ዋርካዋንም፣ ንጉሡንም፣ የታቀፈችውንም ቅል ጠላች። ቢሆንም አልጣለችውም።

እንሽላሊቶቹ በዋርካዋ ሥር ተለቀቁ፤ ከዚያ ወዲያ ቅጠሉን የጠረገ የለም። በዓመቱ ምስጡ ጠፋ፤ ዋርካዋ አቆጠቆጠች። አዝመር በመቶ ጦረኛ ጨለቋን አስመንጥሮ ለዱርማ የድንጋይ መቃብር ሊያሠራ አሰበና ናርዲትን አስጠራት።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፣ «አባቴ ቅጠል ለብሶ ተኝቷል። ያንን ቅጠል ሊያነሳ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ እኔን ይግደል።»

አዝመር አንገቱን ደፋ። ጦረኞቹም ወደየቤታቸው ተመለሱ።